የተነከሰ ዳቦ

«ለእሷ ደግሞ ዳቦ ምን ያደርግላታል? የት ልትሄድ ነው?» አማቴ እንዲህ ሲሉ የሰማኋቸው ኩሽና ቆሜ የመንገዱን ሻይ ቴርሞስ ውስጥ ስቀዳ ነው። ገና አልነጋም። ባሌ ሙሮዲል ኮቱን ቆልፎ፣ ጫማውን አስሮ በሩ ላይ ቆሟል፤ እናቱ ማታ የጋገሩትን ክብ ዳቦ በሁለት እጃቸው ይዘውለታል። ደንባችን ነው። መንገድ የሚሄድ ሰው ከዳቦው አንዴ ይነክሳል፣ የተነከሰው ዳቦ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ሰውየው ሲመለስ ቀሪውን ይበላል። ዳቦው እየጠበቀው ነውና ሳይመለስ አይቀርም ነው ነገሩ። ግድግዳው ላይ አሁንም አንድ ተሰቅሏል፤ የባሌ ታናሽ ወንድም የኢልሆም ነው። ኢልሆም ሩሲያ ለሥራ ከሄደ አራት ክረምት አለፈ። ዳቦው እንደ ጡብ ደርቋል፤ በየሳምንቱ አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ።

ሙሮዲል ነከሰ። እናቱ ዳቦውን ወስደው ከኢልሆም ጎን ሰቀሉት። ባሌ ዞር ብሎ እኔን አየ፣ ከዚያ እናቱን አየ፣ ከዚያ ጫማውን አየ።  ሙሮዲል ጥሩ ሰው ነው፣ እጁም አመሉም ለስላሳ ነው፤ ትልቅ ሰው ፊት ሲቆም ግን አፉ ይቆለፋል፤ ቁልፉ የት እንዳለ እሱም አያውቅም። እዚያ ቤት ከገባሁ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ሦስት ጊዜ ለመውለድ ሆስፒታል ስሄድ እንኳ ዳቦ ንከሺ ያለኝ የለም። ምራት አንዴ መጥታለች፣ ከዚያ በኋላ የት ትሄዳለች? «ደህና ይዋሉ፣ እማማ» ብዬ ሻንጣውን አንስቼ ወጣሁ። አልዋሽም፣ በጣም ቅር ብሎኛል። ግን የዚያን ቀን ደስታዬ ቤት ሙሉ ስለነበር ቅሬታው መቀመጫ አላገኘም።

ደግሞስ እንዴት ደስ አይለኝ? ከሁለት ሳምንት በፊት ሙሮዲል እራት ላይ ድንገት «የሻህዞድን እናት ታሽከንት ወስጄ ከተማውን ላሳያት ነው» አለ፤ ሻህዞድ የበኩር ልጃችን ነው፣ የሻህዞድ እናት የሚለው እኔን ነው። አማቴ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ምኗን አመማት?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ በኛ ሰፈር ባል ሚስቱን ታሽከንት የሚወስዳት ለሆስፒታል ብቻ ነው። «ምንም አላመማትም፣ ዝም ብለን ልናይ ነው» አለ። «ዝም ብላችሁ?» «ዝም ብለን።» «ሁለታችሁ?» «ሁለታችን።» «ልጆቹስ?» «እርስዎ አሉላቸው» አለና ይህችን ብሎ ላብ በላብ ሆነ። በማግስቱ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ፣ ያመነ ግን የለም። ጎረቤት ሁሉ ሊጠይቀኝ መጣ። አንዷ የዶሮ ሾርባ፣ አንዷ ማርና ለውዝ ይዛ መጣች። የፊት ለፊቷ ኦዞዳ ሁለት እጄን ይዛ «ለኔ ንገሪኝ፣ ሐኪሞቹ ምን አሉሽ?» ትለኛለች። መጀመሪያ ወላሂ ደህና ነኝ ስል ከረምኩ። በኋላ ደከመኝ፤ ማሩም ጥሩ ማር ነበር፤ «አላህ ያሽርሽ» ሲሉኝ «አሚን» እያልኩ ተቀበልኩ። ልጄ ሻህዞድ ሳይቀር ማታ አልጋው ላይ ሆኖ «እማ፣ ትሞቻለሽ እንዴ?» አለኝ። «ፏፏቴ ለማየት ነው የምሄደው፣ ሞኝ» አልኩት።

አማቴ በመጨረሻ የፈቀዱት በአንድ ነገር ነው። የባሌ አባት እህት፣ ሙያሳር አክስት፣ ታሽከንት ነው የሚኖሩት። ዘመድ ባለበት ከተማ ሄዶ ሆቴል ማደር በኛ ዘንድ ዘመዱን በአደባባይ በጥፊ እንደመምታት ነው። ሁለት ቀን ብለን ወጥተን እሳቸው ቤት ካደርን ደግሞ አለቀልን፤ ሦስት ቀን ያስቀሩናል። የመጀመሪያው ቀን ስንበላ ይመሻል። ሁለተኛው ቀን በሦስቱ ልጆቻቸው ቤት እየዞርን እንበላለን። ሦስተኛው ቀን የስንብት ምሳ ነው። ታሽከንትን ሳይሆን የታሽከንትን የገበታ ጨርቅ አይተን እንመለሳለን። አማቴም ይህን ያውቃሉ። «እንግዲህ ሆቴል ስትሉ እኔ አልሰማሁም» አሉ፤ «ግን ሙያሳር ካየቻችሁ ከእንግዲህ ዓይኗን ማየት አልችልም። ቤቷ ከቾርሱ ገበያ ጀርባ ነው። ወደዚያ ዝር እንዳትሉ።» ሙሮዲል ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ፣ ልቤ ግን ቾርሱን ሳላይ ልመለስ ነው እንዴ ይል ነበር።

ባቡሩ ከከተማችን ከቆቃንድ ሲነሳ ጭኔ ላይ ማንም አልተቀመጠም። ሌላ ጊዜ አንዱ ጭኔ ላይ፣ አንዷ ቀሚሴን ይዛ፣ አንዷ ሽንቷን ይዛ ነው መንገድ የማውቀው። እጄን የት እንደማስቀምጥ ግራ ገባኝ። ስልኬን ሻህዞድ አባቱ ጋ እንዲደውል ትቼለት መጥቻለሁ፤ ስለዚህ የምነካካው እንኳ የለም። ዝም ብዬ በመስኮት አየሁ። ባቡሩ የተራራውን ዋሻ አልፎ በወዲያ በኩል ብቅ ሲል ሙሮዲል «ሻህዞድ፣ ሻይ ቅጂልኝ እስቲ» አለኝ። ለማያውቅ ይገርማል። በኛ ቤት ሚስትን በስሟ መጥራት፣ ያውም ትልቅ ሰው ባለበት፣ ነውር ነው። ባል ሚስቱን በመጀመሪያ ልጇ ስም ይጠራታል። ቤት ውስጥ «ሻህዞድ» ሲል እኔም ልጁም እኩል «አቤት» እንላለን፤ ጫማ ፈልጎ ከሆነ ልጁን ነው፣ ምግብ ፈልጎ ከሆነ እኔን። እኔም በእናቱ ፊት «እርስዎ» ነው የምለው። ያን ቀን ግን ሻዩን ስሰጠው «እንካ፣ ጠጣ አንተ» አልኩት። ደነገጠ። ከዚያ ሳቀ። ዋሻውን ካለፍን ማንም አይሰማንም ብዬ ነው።

ሆቴሉ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለ ሦስት ፎቅ ነው። ክፍሉ ሁለት አልጋ፣ አንድ የሻይ ማፍያ፣ ቢጫ መጋረጃና እንደ መስተዋት የሚያበራ ወለል አለው። ዋጋው ለአንድ ሌሊት የአንድ በግ ሩብ ነው፤ ይህን ለአማቴ አልነግርም። ገብቼ እጄን ታጠብኩ፣ ከዚያ መታጠቢያውን አጠብኩ፣ ከዚያ የአልጋ ልብሱን አስተካከልኩ፣ ከዚያ ኮሪደሩ ላይ መጥረጊያ አየሁና በራችንን መጥረግ ጀመርኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ ከወዲያ ጫፍ ሆና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታየኛለች። «እህቴ፣ ለኔም ትንሽ ሥራ ተይልኝ» አለችኝ። ሙሮዲል አልጋው ላይ ተንጋሎ በሳቅ ሞተ። መጥረጊያውን መለስኩላትና ጥሩውን ቀሚሴን፣ አረንጓዴውን ባለ አበባ፣ ለበስኩ። ነጩን ሻሼን አሰርኩ። ሰዓቱ ገና ረፋድ ነው። በቤታችን ቢሆን ይሄኔ ሁለተኛውን ሊጥ እያቦካሁ ነበር።

ሜትሮውን ልንገራችሁ። ሙሮዲል የመብራት ሠራተኛ ነው፣ የሰፈሩን ፊውዝ ሁሉ የሚቀይረው እሱ ነው። ታሽከንትን ያየው አንዴ ብቻ፣ ለውትድርና ሲሄድ በሰልፍ ነው፤ ያኔ ሜትሮ ውስጥ አንድ ትልቅ የጣሪያ መብራት አይቶ ቀና ሲል አዛዡ ማጅራቱን መታው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያን መብራት ደህና አድርጎ ማየት ይመኛል። እኔ ደግሞ የሚሄደውን ደረጃ ፈራሁት። እግሬን አነሳሁ፣ መለስኩ፣ አነሳሁ፣ ከኋላዬ ሰው ተከማቸ፤ ቀይ ኮፍያ ያደረገች ሠራተኛ «ግቢ እናት፣ አይበላሽም» አለችኝ። ገባሁ። ከዚያ በኋላ ማን ያውርደኝ፤ ወርደን እንደገና ወጣን፣ ወጥተን እንደገና ወረድን። ታች እምነ በረዱ ያበራል፣ ጣሪያው ላይ እንደ ሙሽራ ጌጥ የተንዠረገገ መብራት አለ። ሙሮዲል አፉን ከፍቶ ቆመ። «ያ ሁሉ አምፖል ሲቃጠል ማነው የሚቀይረው? በምን መሰላል?» ይላል። በየጣቢያው እየወረድን ቀና እያልን ማጅራታችን ታመመ። አንዱ ጣቢያ ሰማያዊ ነው፤ ግድግዳው ላይ ጠፈር የወጡ ሰዎች ሥዕል አለ፤ እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን አይስክሬም በላን። አይስክሬሙን ለማንም ሳላካፍል ጨረስኩት። ሙሉውን፣ ብቻዬን። ደስታ ሊገድለኝ ነበር።

ቾርሱ እንሂድ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የሱ አይደለም። «ታሽከንት ደርሼ ቾርሱን ሳላይ ተመልሼ ለኦዞዳ ምን ልበላት?» አልኩት። «አክስቴ…» አለ። «አክስትህ በዚህ ሰዓት ምሳ ላይ ናቸው። የገበያውን ጉልላት ብቻ አይተን እንመለሳለን።» «ጉልላቱን ብቻ?» «ጉልላቱን ብቻ።» ውስጥ ስንገባ ግን የትኛው ጉልላት፤ ቅመሙ ተቆልሏል፣ ሥጋው ተሰቅሏል፣ ትኩስ ሳምቡሳ ከምድጃ ይወጣል፣ ዳቦ ሻጮቹ በሕፃን ጋሪ ዳቦ ይገፋሉ። አንድ የብርድ ልብስ ጨርቅ ሱቅ ጋ ቆምኩ። ቀዩን ጨርቅ ዳሰስኩ፣ ዋጋ ጠየቅሁ፣ ሻጯ የጠራችው ዋጋ ቆቃንድ ሁለት ብርድ ልብስ ይገዛል፤ ሳቅሁባት፣ ሳቀችብኝ፣ ተከራከርን። ዞር ስል ሙሮዲል የለም። ወደ ግራ ሄድኩ የለም፣ ወደ ቀኝ ሄድኩ የለም። ስልክ የለኝም። ቁጥሩን በቃሌ አላውቀውም፤ ስልኬ ያውቀው ነበር እንጂ እኔ መቼ አውቄው። ያን ያህል ግን አልፈራሁም። ትልቅ ሰው ነኝ፣ ሆቴሉ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ እንደሆነ አውቃለሁ።

የፈራሁት የገበያው ድምፅ ማጉያ ሲናገር ነው። «ከቆቃንድ የመጣ ሻህዞድ የሚባል ልጅ ጠፍቷል። ሻህዞድ የሙሮዲል ልጅ። ያያችሁ ወደ ጥበቃ ክፍል አምጡልን።»  ልጄ። ልጄ ቆቃንድ አይደል እንዴ? ተከትሎን መጥቶ ይሆን? በባቡሩ ጣሪያ?  ከዚያ ከወዲያ ከጥበቃው ክፍል በኩል የሙሮዲልን ድምፅ ሰማሁ፣ እንደ ቤታችን፣ እራት ሲዘገይበት እንደሚጣራው፣ «ሻህዞድ፣ ኧረ ሻህዞድ» ይላል። ቅመም ሻጩም፣ ሥጋ ሻጩም፣ ጋሪ ገፊውም ተቀብለው «ሻህዞድ፣ ሻህዞድ» ይላሉ። አንዲት ሴትዮ ጠረጴዛዋ ሥር ጎንበስ ብላ ታያለች። ያኔ ገባኝ። የጠፋሁት እኔ ነኝ። ገበያው በሙሉ እኔን ነው የሚፈልገው፣ ያውም የስምንት ዓመት ወንድ ልጅ አድርጎ።

የጥበቃው ክፍል ስደርስ ሙሮዲል መሀል ቆሟል፣ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። በኋላ እንደነገረኝ ስጠፋበት ደንግጦ በቤቱ ደንብ ነው የተጣራው፤ አንዲት ዳቦ ሻጭ ልጅ የጠፋበት መስሏት እጁን ይዛ ወደ ጥበቃ ወሰደችው፤ እሷው ተናገረችለት፤ ማጉያው ከለፈፈ በኋላ ደግሞ ልጅ ሳይሆን ሚስቴ ናት ማለት አፈረ። ጠባቂው ምን ለብሷል ሲለው «አረንጓዴ ባለ አበባ ቀሚስ» ማለት አቅቶት «አረንጓዴ» ብቻ ብሎ ቀረ። ዳቦ ሻጯ ሁለት ትኩስ ዳቦ ታቅፋ እንባዋን ትጠርጋለች። ጠባቂው ለሚገኘው ልጅ ብሎ ከረሜላ ይዟል። ገባሁና «እኔ ነኝ» አልኩ።

«ልጁስ?» አለ ጠባቂው።

«ልጁ ቆቃንድ ነው።»

«ታዲያ የጠፋው ማነው?»

«እኔ ነኝ አልኩህ እኮ። ሻህዞድ እኔ ነኝ።»

ጠባቂው እኔን አየ፣ ሙሮዲልን አየ፣ እሱም ሚስት ያለው ሰው ነውና ገባው። ከረሜላውን ለኔ ሰጠኝ። ዳቦ ሻጯ መሳቅ ጀመረች፣ እኔም ጀመርኩ፣ ሙሮዲልም በመጨረሻ ሳቀ፤ ሦስታችንም ግድግዳ ተደግፈን ስንስቅ በሩ ተበርግዶ ተከፈተና አንዲት ወፍራም ሴትዮ ካሮት የሞላ ዘንቢል ይዘው፣ ሻሻቸው ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ፣ እያለከለኩ ገቡ። ሙያሳር አክስት ናቸው።

«የሙሮዲል ሻህዞድ አሉ፣ ከቆቃንድ አሉ» ይላሉ፣ ትንፋሻቸው አልመለስ ብሎ። «የወንድሜ የልጅ ልጅ ነው ብዬ… የታለ ልጁ?»

ሳቃችን ደረቀ። «ደህና ነው፣ አክስቴ» አለ ሙሮዲል፤ «ቤት ነው። አልጠፋም።» አክስት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አልሐምዱሊላህ አሉ። ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ቀሚሴን፣ ሻሼን፣ ከረሜላዬን። «መቼ መጣችሁ?» «ዛሬ።» «ሻንጣችሁስ?» ሙሮዲል ኮቱን ይቆልፋል።  «ሻንጣችሁስ ነው የምለው?» አሉ። «ሆቴል» አልኩ በሹክሹክታ። ይጮሃሉ ብዬ ነበር። አልጮሁም። የጠባቂው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ዘንቢላቸውን እግራቸው ሥር አስቀመጡ፣ «ሆቴል» አሉ ቀስ ብለው። ከመጮህ ይህ ባሰ። ሻሻቸውን አስተካከሉና «በሉ ሆነ፣ ተነሱ። ሻንጣችሁን አንዱ ልጄ ያመጣዋል። ካሮቱንም ገዝቻለሁ፣ በሩዝና በሥጋ ኦሽ እሠራለሁ፤ ለልጆቹ ሁሉ እደውላለሁ፣ ዛሬ እኔ ቤት፣ ነገ ትልቁ ልጄ ጋ…» አሉ።

ቀኔ ዓይኔ እያየ ተጠቅልሎ ሲታሰር ታየኝ። የቀረን ግማሽ ቀን ነው፤ ፏፏቴው አለ፣ ሰው ተቀምጦበት ከፍ የሚልበት ትልቁ ተሽከርካሪ መንኮራኩር አለ። ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም። አሁን ከሄድን ነገሩ ለዘላለም እንዲሁ እንደሚሆን አወቅሁ። ሁለታችን ብለን የወጣነው ከሰው ጋር ከተመለስን ሙሮዲል ሁለተኛ እራት ላይ ያንን ቃል ደፍሮ አይናገርም፣ እኔም አልጠይቀውም። ባሌን አየሁት። ጫማውን እያየ ነው። ልክ እንደ ንጋቱ፣ ልክ ዳቦው ፊት እንደቆመው። በልቤ «ተናገር እንጂ፣ ተናገር አንተ ሰውዬ» እላለሁ፤ በአፌ ማለት አልችልም፣ ምራት ነኝ። ጠባቂው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«አክስቴ፣ አንመጣም» አለ ሙሮዲል።

አክስት ያልሰሙ መሰሉ። «ምን አልክ?»

«ይቀየሙኝ፣ መብትዎ ነው። ግን ዛሬ አንመጣም።» ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል፣ ድምፁም ይንቀጠቀጣል፣ አላቆመም ግን። «ጉዳይ ኖሮን አይደለም የመጣነው። ዙልሁሞርም አላመማትም። በአሥራ ሁለት ዓመት እኔና እሷ ብቻችንን አንድ ሻይ ጠጥተን አናውቅም። ነገ በባቡር እንመለሳለን። ዛሬን ዙልሁሞርን ከተማ ላሳያት ነው ያመጣኋት፣ ሌላ ምንም የለውም።»

ጆሮዬ ጋለ። ስሜን በአክስቱ ፊት፣ በጠባቂው ፊት፣ በዳቦ ሻጯ ፊት፣ ሁለት ጊዜ። የት እንደምገባ ጠፋኝ፤ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሦስተኛ ቢደግመው ደስታዬ ነበር። አክስት ወደኔ ዞሩ። «ዙልሁሞር ነው እንዴ ስምሽ?» አሉኝ። ሻህዞድ ከተወለደ ወዲህ የሚያውቁኝ የሻህዞድ እናት ብለው ነው። «አዎ፣ አክስቴ» አልኩ። «ሠርግሽ ላይ ሰምቼው ነበር፣ ረሳሁት» አሉ። ከዚያ ድንገት፣ «ስትወጡ ዳቦ አስነከሷችሁ?»

«እኔን አስነክሰውኛል» አለ ሙሮዲል።

«አንተንማ አውቃለሁ። እሷንስ?»

 ሙሮዲል ቀና ብሎ እኔን አየ። አክስት በአፍንጫቸው ሳቅ አሉ፣ ያ የደስታ ሳቅ አይደለም። «እኔ ከዚያ ቤት በሙሽራ መኪና ስወጣ» አሉ፣ «እናቴን ዳቦ ልንከስ ስላት፣ ሴት ልጅ ሄዳ የምትቀር ናት፣ ምን ብሎ ይጠብቃታል አለችኝ። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። እስካሁን ቆቃንድ ስመጣ ያን ግድግዳ አልወደውም።» እኔ እኚህን ሴት አሥራ ሁለት ዓመት ፈርቻቸው ኖሬያለሁ፤ ዓመት በዓል ሲመጡ ወጥ ቤት ነው የምደበቀው። ያኔ ግን አንጀቴን በሉት።

ከዚያ ወደ ዳቦ ሻጯ ዞረው «አንዱን አምጪ እስቲ፣ ትኩሱን» አሉ። ሂሳቡን ከዘንቢላቸው አውጥተው ከፈሉ፣ ተነስተው ቆሙ፣ ዳቦውን ልክ እንደ አማቴ በሁለት እጃቸው ያዙልኝ። «ንከሺ» አሉኝ።  ጠርዙን ቆንጠር አድርጌ ነከስኩ። «እንዲህ ነው እንዴ የሚነከሰው? ወፍ ነሽ? ደህና አድርገሽ ንከሺ» አሉ። ደህና አድርጌ ነከስኩ። ትኩስ ነበር፣ ሰሊጡ ጥርሴ ውስጥ ገባ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ከሙቀቱ ነው አልኩ። ሙሮዲልም ደስ ብሎት አፉን ከፍቶ ጠጋ ሲል አክስት ዳቦውን ወደ ደረታቸው ሳቡት። «አንተ የራስህ አለህ» አሉት። ዳቦውን በነጠላ ጨርቅ ጠቅልለው ከካሮቱ ላይ አስቀመጡ። «ግድግዳዬ ላይ እሰቅለዋለሁ፤ መጥተሽ ትጨርሺዋለሽ። ያኔ ግን ማደሪያሽ እኔ ቤት ነው፣ ሆቴል የሚባል ስም እንዳልሰማ። በሉ አሁን ሂዱ፣ ቀኑ ሳያልፍባችሁ።» በሩ ላይ ደርሰው መለስ አሉና «ለሳኖባር እደውልላታለሁ» አሉ። ሳኖባር አማቴ ናቸው።

ፏፏቴውን አየን። ቀሚሴ እስኪረጥብ ተጠጋሁት፣ እዚያ የሚሯሯጡትን የሌሎች ሰዎች ልጆች አይቼ የኔዎቹ ትዝ አሉኝ፣ ደውለን አወራናቸው፤ ሻህዞድ «ፏፏቴውን አሰሚኝ» አለ፣ ስልኩን ወደ ውሃው አዞርኩለት። መንኮራኩሩ ላይ ወጣን። ላይ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፣ ከተማው ሁሉ ከሥራችን ነው፤ ሙሮዲል አንዱን ፎቅ አንዱን መንገድ እያሳየ ሲያወራ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ዝም ያለውን ሁሉ ያን ቀን የሚጨርስ መሰለኝ። «የቱ ነው ቾርሱ?» አልኩት። «ያ ሰማያዊው ጉልላት፣ አየሽው ዙልሁሞር?» አለ። አየሁት። አሁን እዚያ አካባቢ አንድ ግድግዳ ላይ የኔ ዳቦ አለ ብዬ አሰብኩና ብቻዬን ሳቅሁ።

እሑድ ማታ ቤት ስንገባ ልጆቹ አንገታችን ላይ ተንጠለጠሉ። ከረሜላዋን ለሦስት ከፋፈልኩላቸው። ኦዞዳ ሻንጣውን ሳላስቀምጥ ደርሳ «ሐኪሞቹ ምን አሉሽ?» አለችኝ። «ምንም የለብሽም አሉኝ» አልኳት፤ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ አመሰገነች። እሷ ከሄደች በኋላ አማቴ የሙሮዲልን ዳቦ ከግድግዳው አውርደው ሻይ ቀዱለት። ሙሮዲል ቆርሶ ለልጆቹም አካፍሎ በላው። ማንም ስለ ታሽከንት አልጠየቀም። እኔ ሻንጣውን እየፈታሁ ነው። አማቴ ተነስተው ወደ ግድግዳው ሄዱ፣ የሻሻቸውን ጫፍ ያዙና የኢልሆምን ዳቦ አቧራ መጥረግ ጀመሩ፤ ያ የኔ ሥራ ነው፣ እሳቸው ነክተውት አያውቁም።

«ያንቺ ታሽከንት ነው አሉ» አሉኝ፣ ዞረው ሳያዩኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ሙያሳር ደወለች።»

ሙሮዲል ሲኒውን ይዞ ቀረ። አማቴ መጥረጋቸውን አላቆሙም፤ ዳቦው ከጸዳ ቆይቷል፣ ምንም አቧራ የለበትም።

«ብዙ አታቆዪው» አሉ በመጨረሻ። «ዳቦ ሰው እየጠበቀ ብዙ መሰቀል የለበትም። የሚመጣው በረዶ ሲቀልጥ ሂጂና ጨርሺው።»

እጃቸው ከኢልሆም ዳቦ ላይ አልወረደም።